ዋስ የሆንንለት አንደበት

ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚመጡበት ጊዜ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት አንዲት ቃል እንኳ የላቸውም። ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን የሚክድላቸው፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ በእግዚአብሔር ማመናቸውን የሚመሰክርላቸው ሌላ ሰው ነው። ይህም ሰው የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑ አፉን አልፈታምና እስኪናገር ድረስ ከደጅ ይቆይ አላለችም፤ የሚናገርለት ዋስ አቁማ ከቤቷ አስገባችው እንጂ። የዋስ ሥርዓት ደግሞ በአገራችን የታወቀ ነው። ዋስ ከዋስትናው የሚፈታው ዋስ የሆነለት ሰው በቀጠሮው ቀን ራሱ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ አንድ ቀን በገዛ አንደበቱ "አምናለሁ" ለማለት እንዲበቃ ማድረግ የክርስትና አባቱና እናቱ፣ የወላጆቹም፣ የመምህሩም፣ የንስሓ አባቱም ዕዳ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ልጆቻችንን የምናሳድጋቸው እንዲናገሩ ነው ወይስ ዝም እንዲሉ? ዝም ያለ ልጅስ ሁልጊዜ ጨዋ ልጅ ነውን? ብዙዎቻችን በዚህ ነገር ሳንጠራጠር ያደግን ነን። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያቀረቅራል፤ የጠየቀው ልጅ "አፈ ጮሌ"፣ ዝም ያለው "ጭምት" ይባላል። አባቶችም "ዝም አይነቅዝም" ሲሉ፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ሲሉ ኖረዋል። ይህ ምክር ክፉ ቃልን፣ ሐሜትንና ችኮላን ለመግታት የተሰጠ በመሆኑ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እነዚያው አባቶች "ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ማለታቸውን መርሳት አይገባንም። ዝምታ ምግባር የሚሆነው መናገር ለሚችል ሰው ነው። እህል እያለው የተወ ሰው ጾመ ይባላል፤ እህል ያጣ ሰው ግን ተራበ እንጂ ጾመ አይባልም። እንዲሁም መናገር ሳይማር ዝም ያለ ልጅ ታገሠ አይባልም፤ ተነፈገ ይባላል እንጂ።

ልጅ መናገር ሲጀምር "አፉን ፈታ" እንላለን፤ በመጀመሪያ የተማረውንም ቋንቋ "የአፍ መፍቻ ቋንቋ" እንለዋለን። የሚፈታ ነገር አስቀድሞ የታሰረ ነው፤ የታሰረውም ራሱን በራሱ አይፈታም። ጥርስ ማንም ሳያስተምረው ይበቅላል፤ ቃል ግን የሚበቅለው ከሌላ ሰው ቃል ነው። ፈጣሪ የመናገርን ኃይል ለሰው በባሕርዩ ሰጠው፤ የሚናገርበትን ቋንቋ ግን በእናቱና በአባቱ፣ በአያቱና በጎረቤቱ ዘንድ አኖረለት። ስለዚህ ሕፃንን ማነጋገር ሲመቸን የምናደርገው ጨዋታ ሳይሆን እንደ ወተቱና እንደ ልብሱ ያለ ግዴታ ነው።

ይህም ነገር ከመወለድ በፊት ይጀምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ ኤልሳቤጥ በፀነሰች በ6ኛው ወር ገደማ የእመቤታችን የሰላምታ ድምፅ ወደ ጆሮዋ በደረሰ ጊዜ ፅንሱ በማኅፀንዋ በደስታ ዘለለ። ይህ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፤ ምሥጢሩንም ወደ ተፈጥሮ ብቻ ልናወርደው አንደፍርም። ሆኖም የዘመናችን የሕክምና ሊቃውንት ፅንስ ከ6ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ መስማት እንደሚጀምር፣ በተወለደም ጊዜ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ ማስረዳታቸውን ስንሰማ፣ የወንጌሉ ቃል በልባችን ይታደሳል። "ምን ያውቃል?" ብለን የምንንቀው ሕፃን ገና ፀሐይን ሳያይ ድምፃችንን ሲያጠና ቆይቷል።

ከተወለደ በኋላም መንገዱ የታወቀ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ወር ፊታችንን እያየ ድምፅ ያሰማል፤ በ6ኛውና በ7ኛው ወር ገደማ "ባ ባ ባ፣ ማ ማ ማ" እያለ ይደጋግማል፤ በዓመቱ አካባቢ የመጀመሪያዋን ቃል ያወጣል፤ 2 ዓመት ሲሞላው "እማ ነይ"፣ "ውሃ ስጪኝ" እያለ ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ በ3 ዓመቱ ንግግሩን አብዛኛውን ባዕድ ሰው እንኳ ይረዳዋል፤ በ4 ዓመቱ የዋለበትን መተረክ ይጀምራል። አንዱ ልጅ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ጥቂት መዘግየት አያስደነግጥም። ነገር ግን በዓመቱ እንደ ሌሎች ሕፃናት የማይኮላተፍ፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም በማናቸውም ዕድሜ የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅ ቢኖር፣ "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ መቀመጥ አይገባም።

በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜና ጆሮ ነው። እናት ቡና ስትቆላ "ቡናው ጠቆረ፣ ጢሱስ ሸተተህ?" ብትል፣ አባት ከብቱን ሲያስገባ ወይም ሱቁን ሲከፍት የሚሠራውን በቃል ቢነግረው፣ ለሕፃኑ ትምህርት ቤት ተከፈተለት። ሕፃኑ "ውሃ" ሲል እናቱ ዝም ብላ ከምታቀርብለት "ውሃ ጠማህ? ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥህ?" ብትለው፣ አንዱን ቃል እንደ ታመነው አገልጋይ አትርፋ መለሰችለት። "ረ"ን "ለ" ወይም "የ" እያደረገ ቢኮላተፍ ይህ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ እየሣቁ አስመስሎ መናገርም፣ "እንዲህ በል" እያሉ ማስጨነቅም አይጠቅምም፤ ቃሉን አስተካክሎ ደግሞለት ወደ ጨዋታው መመለስ ይበቃል። ከጠየቁትም በኋላ መልሱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ልጁን ጠይቀን ራሳችን እንመልስለታለን። በልባችን እስከ አምስት ብንቆጥር ልጁ ቃሉን ፈልጎ ያገኘዋል።

ከአያቶቻችንም የወረስነው መልካም ሥርዓት አለ። "ተረት ተረት" ሲሉት "የላም በረት" ብሎ የሚመልስ ልጅ ማዳመጥንና ተራ ጠብቆ መናገርን ይማራል። "እንቆቅልህ"፣ "ምን አውቅልህ" የሚባባሉ ልጆች ነገርን በነገር ማመሳሰልን ይለማመዳሉ፤ ያልቻለውም አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል እንጂ አያፍርም። ማታ ቤተ ሰቡ ለጸሎት ሲቆም፣ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ልጁ ስለ ዋለበት ቀን በገዛ ቃሉ አንድ ምስጋና እንዲያቀርብ ማድረግም ትልቅ ትምህርት ነው።

ዛሬ ግን በብዙ ቤት የአያቲቱን ቦታ ስልክ ይዞታል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል፤ ሲበላም በስልክ ይታለላል። ስልኩ ሳያቋርጥ ይናገራል፤ ነገር ግን የሕፃኑን ፊት አያይም፣ ለሕፃኑም ድምፅ እንደ ሰው አይመልስም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ተቀምጦ በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ምስል ማየትን አልመከረም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን አመልክቷል። የደከመች እናት ዕረፍት መሻቷን አንነቅፍም። ነገር ግን ልጁን ዝም ያሰኘልን ሁሉ ለልጁ የጠቀመው አይምሰለን።

አፉን ሳይፈታ ስለ ዘገየው ልጅ ስናስብ ጌታችን ያደረገውን እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ደንቆሮና ኮልታፋ የሆነ ሰው ወደ እርሱ ባመጡ ጊዜ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ከዚያም ጣቱን በጆሮው አገባ፤ ቀጥሎም ምላሱን ዳሰሰ። ይህ ቅደም ተከተል ያስተምረናል። ከሕዝብ ለየው፤ የሚያፍርን ሰው በአደባባይ መሣለቂያ ማድረግ አይገባምና። ከምላሱ በፊት ጆሮውን ነካ፤ ያልሰማ አይናገርምና። ስለዚህ ልጅ ከንግግር ቢዘገይ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ጆሮው ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ መግል እያዠ በቸልታ የተተወ ጆሮ የልጅን መስማት ሊያጠፉ ወይም ሊያደክሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል እንናገራለን። በአንድ አጥቢያ ልጆችን በምናስተምርበት ጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ሲጠሩት የማይመልስ፣ ቃሉም የማይለይ አንድ ልጅ ነበር። እልኸኛ ነው ተባለ፤ እኛም ከገሠጹት ውስጥ ነበርን። ቤተ ሰቡም ይቀጡት ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪም ቢያየው በሁለቱም ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ያልታዘዘን አልሰማንም ብሎ ነው አልን እንጂ እንዳልሰማን አላሰብንም። በጠበል መፈወስን እናምናለን፤ ብዙዎችም ተፈውሰው አይተናል። ነገር ግን ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ልጁን ወደ ጠበል የወሰደች እግር ወደ ሐኪም ቤትም ብታደርሰው እምነት አልጎደለባትም። ካህናትም ይህን ቢናገሩ ቃላቸው ከማንም ቃል ይልቅ ይሰማል።

ሌላው በንግግሩ የሚንተባተበው ልጅ ነው። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ5 ዓመት መካከል ይጀምራል፤ ከሚንተባተቡትም ልጆች የሚበዙት እያደጉ ይተዉታል። የልጁ ስንፍና አይደለም፤ የወላጆቹም ኃጢአት ቅጣት አይደለም። ቃሉን ከአፉ ነጥቀው ቢጨርሱለት፣ "ቀስ በል፣ ደግመህ ተናገር" እያሉ ቢያስጨንቁት ይብስበታል። የሚጠቅመው እኛ ራሳችን ረጋ ብለን ስንናገር፣ ዓይኑን እያየን እስኪጨርስ ስንጠብቅ፣ ከአነጋገሩም ይልቅ የተናገረውን ነገር ስናዳምጥ ነው። ቢቆይበት ደግሞ ወደ ባለ ሙያ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሙሴ አፉ ኰልታፋ፣ ምላሱም ከባድ መሆኑን ለእግዚአብሔር ባመለከተ ጊዜ ከመልእክቱ አልተሻረም፤ ወንድሙ አሮን ረዳት ሆነለት እንጂ። ኋላም መናገር አልችልም ያለው ሰው የተናገረው ንግግር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሆነ፤ ኦሪት ዘዳግም አብዛኛው የሙሴ ንግግር ነውና። በመጀመሪያው ቀን ቢሣቅበት ኖሮ ያን ሁሉ ማን በሰማ ነበር?

ጆሮው ጨርሶ የማይሰማ ልጅስ? እርሱም ቋንቋ አለው። ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ሰዎቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም በሰሌዳ ጽፎ መለሰ። ወንጌል በእጅ የተነገረውንና በጽሕፈት የተመለሰውን እንደ ቃል ቈጥሮ ጻፈው። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ በጓዳ መሸሸግ ሁለተኛ መዝጊያ ማበጀት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምልክት የሚያስተምረው ቢያገኝ፣ ቤተ ሰቡም አብሮ ቢማር፣ ልቡ ከማንም ልጅ ልብ አያንስም።

ወደ ትምህርት ቤት እንመለስ። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ስለ ገረፉት ሸሽቶ እንደ ነበር፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ የምትሞክር ትል አይቶም ተጽናንቶ እንደ ተመለሰ ቤተ ክርስቲያናችን ትተርካለች። ይህን ታሪክ ለልጆች የምንነግረው እንዲጸኑ ነው። ለመምህራን ግን ሌላ ትምህርት አለው። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ የሚሰጠን አንደበት በአለንጋ ምክንያት ሊጠፋን ነበር። የመለሰውም አለንጋ አልነበረም፤ እየወደቁ መሞከር ነውር አለመሆኑን ማየቱ ነው። በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ልጅ ሲሣቅበት ሁለተኛ እጁን አያነሣም።

የአብነት ትምህርታችን በዚህ ረገድ ያኖረልን መልካም ነገር አለ። ተማሪው ፊደሉንና ንባቡን በጉባኤ ቢሰማም፣ በተራው ለብቻው በመምህሩ ወይም በታላቅ ተማሪ ፊት ድምፁን አሰምቶ ያነባል። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቃል መድገም አይበቃውም፤ አዲስ ቅኔ ከራሱ ልብ አውጥቶ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። እንግዲህ ልጅ የራሱ ቃል እንዲኖረው ማድረግ ከውጭ የመጣ ልማድ ሳይሆን የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ዛሬ በመደበኛውም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአንድነት እየጮኹ የሚመልሱት መልስ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በጩኸቱ ውስጥ ያልገባውም፣ ያልሰማውም፣ ያፈረውም ልጅ ይሸሸጋል። ሁለት ሁለት ሆነው የተማሩትን እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ከዚያም ጥቂቶቹን ለብቻቸው መስማት፣ ብዙ ልጅ ባለበት ክፍልም የሚቻል ነው። ካህኑ ዔሊም ለብላቴናው ሳሙኤል ያደረገው ይህን ነው። የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን በተረዳ ጊዜ ስለ ልጁ ሆኖ አልመለሰም፤ ልጁ ራሱ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው እንጂ። የመምህርነት ሥራ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

ስለ ቋንቋውም ጥቂት እንበል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ የወሰነው ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ይበልጥ እንደሚገባው በማመን ነው። በከተማ ግን አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲለምድ ብለው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በቤት ይከለክሉታል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ በዚህ ይፈተናሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ዲዳ አያደርግም፤ አፍ መፍታቱንም አያዘገየውም። የሚጎዳው እናት አሳምራ የምታውቀውን ቋንቋ ትታ በማታውቀው ቋንቋ በጥቂት ቃል ብቻ ስታነጋግረው ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከአያቱ ምርቃት፣ ከቅዳሴው ትርጓሜ፣ ከንስሓ አባቱም ምክር ይለያል።

ምናልባት ክቡራን አንባብያን "ልጅ እንዲናገር ካደረግነው ሥርዓት ይጠፋል፤ ታላቅን መዳፈር ይመጣል" ይሉን ይሆናል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ንግግርን ማስተማር ግን ማዳመጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ ቃልን መመዘንን ከማስተማር አይለይም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም ተገኘ። ሰማ፣ ጠየቀም፤ ሊቃውንቱም "አንተ ልጅ ዝም በል" አላሉትም፤ በማስተዋሉና በመልሱ ተደነቁ እንጂ። ከዚህም በኋላ ከእናቱ ጋር ወርዶ ይታዘዝ ነበር። መጠየቅና መታዘዝ በአንድ ልጅ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

በሌላም በኩል ዝምታን ብቻ የተማረ ልጅ የሚደርስበትን አደጋ እናስብ። ክፉ ሰው ክፉ ነገር ሲያደርግበት የሚናገርበት ቃል የለውም፤ ቃሉም ቢኖረው የሚሰማው ሰው እንዳለ አያውቅም። በዳዮች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። በትንሹ ነገር ሳንሰማው ኖረን በትልቁ ቀን እንዲነግረን መጠበቅ አንችልም። ለንስሓም ሲደርስ ይኸው ይገጥመዋል። በካህኑ ፊት በቆመ ጊዜ ስለ እርሱ ሆኖ የሚናዘዝለት ዋስ የለም። በልቡ ያለውን ለመናገር ያልተለማመደ ሰው ኃጢአቱን ተሸክሞ ገብቶ ተሸክሞ ይወጣል።

ስለዚህ የክርስትና አባቶችና እናቶች ስጦታ ይዘው በበዓል ቀን መምጣታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" ብለው ይጠይቁት፣ እስኪጨርስም ይስሙት። ወላጆች በቀን ውስጥ ጥቂት ሰዓት ስልኩን አኑረው ፊታቸውን ለልጃቸው ይስጡ። መምህራን የዝምተኛውን ልጅ ዝምታ እንደ ጨዋነት ብቻ አይቁጠሩት፤ ምክንያቱን ይመርምሩ። ካህናት ቤት ለመባረክ ሲገቡ በጓዳ የተሸሸገ ልጅ እንዳለ ይጠይቁ፤ በስሙም ጠርተው ይባርኩት። የልጁ አፍ በተፈታ ቀን እኛም ከዋስትናችን እንፈታለን።

የዘካርያስን አንደበት ለምስጋና የከፈተ፣ የሕፃናትንም ምስጋና በኢየሩሳሌም የተቀበለ አምላካችን ልጆቻችን ስሙን በገዛ አንደበታቸው የሚጠሩ፣ እኛም የምንሰማቸው ያድርገን። አሜን።